ደቂቃ አንባቢው

እስቲ ዛሬ ስለ አንድ የጠፋ ሥራ ላጫውታችሁ። በየትኛውም መሥሪያ ቤት የደመወዝ ስኬል ውስጥ ገብቶ አያውቅም፤ የሥራ መደቡ መጠሪያ ግን «ደቂቃ አንባቢ» ነው።

ጊዜው 2003 ዓ.ም. ግድም፣ ቦታው ላሊበላ። ቱሪስቱ ወደ ቤተ ጊዮርጊስ ሲያቀና እኛ ደብተራችንን ሸሚዛችን ሥር ደብቀን በገበያው መንገድ ዳር ወዳለች አንዲት የቆርቆሮ ቤት እንታጠፋለን። በሯ ላይ መጋረጃ አለ። ከመጋረጃው ጀርባ ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሦስት አግዳሚ ወንበርና ከክፍል የፎረፈ ጎረምሳ ሁሉ። ፕሌይስቴሽን ቤት! ክፍያው በጨዋታ ነው፤ የተሸነፈ ይከፍላል፣ ይነሳል፣ ተረኛው ይቀመጣል። ባለቤቱን ሁላችንም «ጋሼ» እንለዋለን። (ዕድሜው ከእኛ ብዙም አይርቅም ነበር፤ ግን ጆይስቲክ የሚሰጥና የሚነጥቅ ሰው ጋሼ ያልተባለ ማን ይባል?)

አንድ ቀን ጋሼ ከአዲስ አበባ ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 3 ይዞ መጣ። ወሬው ከእሱ ቀድሞ ደርሶ ነበር። «ኤችዲ ነው አሉ!» «የተጫዋቹ ላብ ሳይቀር ይታያል አሉ!» ያን ቀን ትምህርት ቤት ማን እንደዋለ እግዜር ይወቀው። ጋሼ ማሽኑን ከዚያችው ከምናውቃት ባለ 21 ኢንች ጎባጣ ቴሌቪዥን ጋር በቢጫ፣ በቀይና በነጭ ገመድ አገናኘና አበራው።

ላብ አላየንም። ይባስ ብሎ ውጤቱና ደቂቃው የተጻፈበት ጥግ ጉንዳን የሄደበት መሰለ። አግዳሚው ላይ ተቀምጦ 70ኛውን ደቂቃ ከ79ኛው መለየት የማይታሰብ ሆነ። «አልቋል!»፣ «ገና ነው!» የሚል ጭቅጭቅ ሲበዛ ጋሼ መላ ዘየደ። ገንዘብ ስለሌለው ሁልጊዜ በር ላይ ቆሞ የሚያይ አንድ ትንሽ ልጅ ነበር። የለስላሳ ሳጥን ገለበጠና ልጁን ቴሌቪዥኑ አፍንጫ ሥር አስቀመጠው።

«ማሙሽ፣ ስንት ደቂቃ?»

«ሰባ ስምንት!»

«ውጤትስ?»

«ሁለት ለአንድ፣ አንተ ነህ የምትመራው!»

ደመወዙ በቀን አንድ ነጻ ጨዋታ። ማሙሽ ሥራውን የሚወድ፣ ጉቦ የማይበላ ሠራተኛ ነበር። (አንዴ ብቻ ለወንድሙ ብሎ ሁለት ደቂቃ ጨምሯል ተብሎ ተከስሷል፤ ክሱ በማስረጃ እጦት ተዘጋ።)

እኛ ስቀን አለፍነው። እኔን ግን አንድ ጥያቄ ሲከነክነኝ ኖረ፦ ማን ነው ያታለለን? ጋሼ ነው? ማሽኑ ነው? ወይስ ቴሌቪዥኑ? መልሱን ለማግኘት ወደ ኋላ ብዙ መሄድ ያስፈልጋል፤ ከጋሼ ቤት እስከ ቶኪዮ።

ፈር በፈር

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1964 አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ ኦሎምፒክ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ አሸነፈ። (ከዚህ በኋላ «ዓ.ም.» ካላልኩ በስተቀር የማሽኖቹ ዓመታት በፈረንጆቹ ናቸው፤ እነሱ ያወጡትን በእነሱ እንቁጠርላቸው።) ከዚያ ኦሎምፒክ በኋላ የጃፓኑ ብሔራዊ ማሰራጫ ኤን.ኤች.ኬ. ከተለመደው የጠራ ቴሌቪዥን ለመሥራት ምርምር ጀመረ። ዛሬ ኤችዲ የምንለው ነገር የዘር ሐረጉ እዚያ ይደርሳል። በዚያው ዓመት፣ በእኛው 1957 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አዲስ አበባ ላይ በጥቁርና ነጭ ሥራ ጀመረ። አስቡት እንግዲህ፤ እኛ የመጀመሪያውን ቴሌቪዥን ስናበራ ጃፓን ቀጣዩን ማሰብ ጀምራለች። ቀለም ወደ እኛ የመጣው ከ20 ዓመት በኋላ፣ በአብዮቱ 10ኛ በዓል ሰሞን በ1984 ነው።

አሁን ትንሽ ቴክኒክ፤ አትሽሹ! የድሮው ቴሌቪዥን ስዕል የሚሠራው በመስመር ነው። የላስታ ገበሬ ማሳውን ፈር በፈር እንደሚያርስ፣ ቴሌቪዥኑም መስተዋቱን ከግራ ወደ ቀኝ መስመር በመስመር ያርሰዋል። ሆኖም ይህ ገበሬ ብልጥ ነው፤ መጀመሪያ አንድ አንድ ፈር እየዘለለ ያርስና ተመልሶ የዘለላቸውን ይሞላል። ፍጥነቱ ዓይናችንን ስለሚያታልለው ሙሉ ስዕል ያየን ይመስለናል። አገራችን የምትከተለው ፓል የተባለው የአውሮፓ ስልት 625 መስመር አለው፤ ስዕል የሚታይባቸው 576ቱ ናቸው። በሰከንድ 50 ግማሽ ስዕል ያወጣል። የአሜሪካና የጃፓኑ ስልት ደግሞ የሚታዩት 480 ናቸው፤ በሰከንድ ግን 60 ግማሽ ስዕል ያወጣል።

ልብ በሉ፤ በመስመር ብዛት እኛ ከኒው ዮርክ ልጅ እንበልጥ ነበር! ችግሩ ወዲህ ነው። ብዙዎቹ ጨዋታዎች የሚሠሩት ለ60 ነው። ወደ ፓል ሲመጡ ተገቢው ማስተካከያ ሳይደረግላቸው ስለሚቀር ብዙዎቹ ወደ 17 በመቶ ገደማ ዘግይተው ይሮጣሉ፤ ከላይና ከታችም ጥቁር ቀበቶ ይታሰርባቸዋል። የጃፓን ወይም የአሜሪካ ኮፒ ሲዲ ስታስገቡ ደግሞ ቴሌቪዥኑ የእነሱን ስልት ካላወቀ ስዕሉ ጥቁርና ነጭ ይሆናል። ጋሼ ቤት በጃፓንኛ የተጻፈ ዊኒንግ ኢለቨን ስንጫወት ፊደሉን ማን ያነባል? «ሦስተኛው ላይ ውረድ፣ ክቧን ተጫን» እያልን በቦታው ነበር የምናውቀው። ከፊደል ጋር ያለን ጠብ ቀደም ብሎ የተጀመረ ነው።

ኤችዲ ከኤችዲ በፊት

ብዙ ሰው ኤችዲ በፕሌይስቴሽን 3 የመጣ ይመስለዋል። አይደለም። በ2001 የወጣው የመጀመሪያው ኤክስቦክስ 720 እና 1080 መስመር የማውጣት አቅም ነበረው፤ የተጠቀሙበት ጨዋታዎች ግን ጥቂት ናቸው። የሚገርመው ሌላ ነው። ይህ አቅም የሚገኘው በአሜሪካኑ ስልት በተሸጡት ላይ ነበር። በፓል አገሮች በተሸጠው ማሽን ላይ ምርጫው ከነጭራሹ አይታይም። ልብ ያው፣ ሰውነት ያው፤ በሩ ግን ተቆልፏል።

በ2000 የወጣችው ፕሌይስቴሽን 2ም ብትሆን ዋዛ አልነበረችም። በ2004 መጨረሻ ጃፓን ውስጥ የወጣው ግራን ቱሪስሞ 4 የተባለው የመኪና ውድድር 1080 አይ የሚል ምርጫ ነበረው። «አይ» ማለት ያ እየዘለለ የሚያርሰው ብልጥ ገበሬ ነው፤ «ፒ» ከሆነ ግን ፈሩን ሁሉ በአንድ ዙር ያርሳል። እርግጥ ማሽኗ ስዕሉን የምትሠራው ባነሰ ነጥብ ነበር፤ የቀረውን ለጥጣ ነው። ያም ሆኖ ያቺ በየሠፈራችን አቧራ እየቃመች ስትሠራ የኖረች ጥቁር ሣጥን ውስጥ ኤችዲ ተደብቆ ነበር ብላችሁ ማን ያምናችኋል?

ቁጥሩንም እዚሁ እንጨርሰው። የእኛ ቴሌቪዥን በአኃዝ ሲለካ 720 በ576 ነው፤ ሲባዛ 414,720 ነጥብ ይሆናል። ሙሉው ኤችዲ 1920 በ1080 ነው፤ ሲባዛ 2,073,600። ይኸውም የእኛዋን ልክ አምስት እጥፍ! አምስት የጋሼ ቴሌቪዥን በአንድ ስክሪን ማለት ነው።

ተስፋውና ገመዱ

በ2005 ማይክሮሶፍት «የኤችዲ ዘመን ገባ» ብሎ አወጀና በኅዳር ወር ኤክስቦክስ 360ን አወጣ። ሲወጣ 720 ፒ እና 1080 አይ ይችል ነበር። 1080 ፒ የተጨመረለት በ2006 በሶፍትዌር ማሻሻያ ነው፤ ኤችዲኤምአይ የተባለው የገመድ ቀዳዳ ደግሞ በ2007 ነው የመጣለት። ሶኒ በበኩሉ በኅዳር 2006 ፕሌይስቴሽን 3ን ይዞ ብቅ አለ። ብሉ ሬይ፣ 1080 ፒ፣ ኤችዲኤምአይ… አሜሪካ ውስጥ ዋጋው 499 እና 599 ዶላር።

እንግዲህ ጥያቄዬን የመለሰልኝ ትንሽ ነገር ይህች ናት። ያ 1080 ፒ እያለ የሚፎክር ማሽን ከካርቶኑ ሲወጣ አብሮት ያለው ገመድ የትኛው ነው? ያችው ቢጫ፣ ቀይና ነጭ! የኤችዲኤምአይ ገመድ ለብቻ ይገዛል። ስለዚህ አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ ውድ ፍላት ስክሪን ገዝተው፣ በቢጫዋ ገመድ አገናኝተው፣ «ኤችዲ ማለት ይህ ነው እንዴ?» ያሉ ሰዎች ጥቂት አልነበሩም። የጋሼ ቤት ሰዎች ብቻችንን አልተሞኘንም ማለት ነው።

ማሽኖቹም ቢሆኑ ቃላቸውን ሁልጊዜ አልጠበቁም። በ2007 የወጣው ሄሎ 3፣ የማይክሮሶፍት የራሱ መኩሪያ፣ ስዕሉን የሚሠራው በ640 መስመር ሆኖ ተገኘ፤ ከ720 በታች መሆኑ ነው። የፕሌይስቴሽን 3 የመጀመሪያ ጨዋታዎች ደግሞ 1080 አይ እንጂ 720 ፒ የማያውቅ ቴሌቪዥን ሲያገኙ ወደ 480 ይወርዱ ነበር። ባለቤቱ ኤችዲ ማሽንና ኤችዲ ቴሌቪዥን ይዞ የድሮውን ስዕል ያያል!

የፊደሉ ነገርስ? በ2006 ካፕኮም ዴድ ራይዚንግ የተባለ ጨዋታ አወጣ። ጽሑፉ ለኤችዲ ስክሪን ታስቦ በጣም ደቃቃ ሆኖ ስለተሠራ የድሮ ቴሌቪዥን ያላቸው ተጫዋቾች ማንበብ አቃታቸውና ቅሬታቸው በየቦታው ተሰማ። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። ለካ ችግሩ የማሙሽ ዓይን፣ የጋሼ ገመድ፣ የላሊበላ ድህነት ብቻ አልነበረም። ሠሪዎቹ ፊደሉን የቀረጹት ፊት ለፊታቸው ባለው አዲስ ስክሪን ልክ ነው፤ ሌላው የዓለም ክፍል በምን እንደሚያይ ወንበራቸውን ትንሽ ወደ ኋላ ስበው አላዩትም። ደቂቃ አንባቢ የፈጠረልን ይህ ነው።

ሌላም ላክልላችሁ። በዚያ «የኤችዲ ዘመን» በሽያጭ ያሸነፈው ማን ነው? ከ480 መስመር የማያልፈው የኒንቴንዶው ዊ! ከ100 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ፤ ሁለቱ ኤችዲዎች እያንዳንዳቸው ከ80 ሚሊዮን ጥቂት ያለፉ ናቸው። ፕሌይስቴሽን 2ም ምርቷ እስከቆመበት እስከ 2013 መጀመሪያ ድረስ ስትሸጥ ኖረች። ከቆመም በኋላ በዚያው ዓመት ፊፋ 14 እና ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር 2014 ወጥተውላታል። ማስታወቂያው ስለ ሌላ ዘመን ሲያወራ ሰፊው ሕዝብ በራሱ ዘመን ውስጥ ነበር።

ነገሩ እዚያው እኛ ከተማ ውስጥም ጎልቶ ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈሩትን 11 አብያተ ክርስቲያናት ለመቅረጽ ፈረንጁ የጠራ ካሜራውን አንግቦ ይመጣል። የመሮውን ምልክት ሳይቀር አጥርቶ ይወስደዋል። ላሊበላ በኤችዲ ታየች፤ ላሊበላ ግን በኤችዲ አላየችም።

ቀዳዳው ሲደፈን

ታዲያ ኤችዲ በመጨረሻ እንዴት ደረሰን? ሀብታም ሆነን መርጠነው እንዳይመስላችሁ። በኅዳር 2013 ፕሌይስቴሽን 4 እና ኤክስቦክስ ዋን ወጡ። ሁለቱም ስዕል የሚያወጡበት ቀዳዳ አንድ ብቻ ነበር፦ ኤችዲኤምአይ። የቢጫ፣ የቀይና የነጭ ዘመን አበቃ።

ውጤቱ የጨዋታ ቤት ባለቤቱ ጫንቃ ላይ ነው የወደቀው። ድሮ አዲስ ማሽን ሲመጣ ማሽኑን ብቻ መግዛት ይበቃ ነበር። አሁን ማሽኑን የገዛ ሁሉ ፍላት ስክሪንም መግዛት አለበት። ጋሼ ሁለት ዓመት አመነታ። መጀመሪያ ኤችዲኤምአዩን ወደ ቢጫው ገመድ የምትቀይር ትንሽ ሳጥን አስመጣ፤ ፊደሉ ተመልሶ ጉንዳን ሆነ፤ ማሙሽም (ያኔ ጎርምሷል) ወደ ሳጥኑ እንዲመለስ ተጠየቀና «እንዴ ጋሼ!» ብሎ ሳቀበት። በመጨረሻ ጋሼ ሁለቱንም ጎባጣ ቴሌቪዥኖች ለጥገና ሠራተኛ በርካሽ ሸጠና ተበድሮ አንድ ባለ 32 ኢንች ፍላት ገዛ። ሁለት አግዳሚ ወደ አንድ ወረደ። ላቡን ግን አየነው! ደቂቃውንም ከበር ላይ ሆነን አነበብነው።

የታሪኩ ፍሬ ነገር እዚህ ጋ ነው ባይ ነኝ። የማሽን ታሪክ ሲጻፍ የሚቆጠረው ማሽኑ የወጣበት ቀን ነው። ስዕል ግን ሰንሰለት ነው፤ ማሽን፣ ገመድ፣ ስክሪን፣ መብራት። ከአራቱ የደከመው እሱ ነው የሁሉንም ልክ የሚወስነው። ሠሪዎቹ የመጀመሪያውን ቀለበት ብቻ ያጠብቁና «ዘመን ገባ» ይላሉ፤ የቀሩትን ሦስቱን የሚቀጥለው ጋሼ ነው፣ ከኪሱ። ስለዚህ ኤችዲ ላሊበላ የገባው በ2005 ወይም በ2006 አይደለም፤ የድሮው ቀዳዳ ሲደፈንና ጋሼ ሲበደር ነው።

ዜሮ መስመር

የሰንሰለቱን የመጨረሻ ቀለበት፣ መብራትን፣ የተማርነው ደግሞ በከባድ ዋጋ ነው። በ2020 ኮሮና ሲመጣ ቱሪስቱ ቀረ፤ በቱሪስት የሚኖር ከተማ ውስጥ ደግሞ የአስጎብኚው ኪስ ሲደርቅ የልጁ የጨዋታ ሳንቲም አብሮ ይደርቃል። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ (ኦገስት 2021) ጦርነቱ ላሊበላ ገባ፤ ከተማዋ በትግራይ ኃይሎች እጅ ወደቀች፤ በታኅሣሥ ወር እስክትረጋጋ ድረስ ከእጅ ወደ እጅ ተቀባበሏት። መብራት፣ ስልክ፣ ባንክ ለወራት ተቋረጡ። ሰው እህል ማስፈጨት ሲቸግረው ስለ ጨዋታ ማውራት ነውር ሊመስል ይችላል፤ እኔም ስለ ጨዋታው አይደለም የማወራው። ያ ጋሼ የተበደረበት ፍላት ስክሪን ግድግዳው ላይ ጥቁር መስተዋት ሆኖ ከረመ። 1080 አይደለም፣ 576 አይደለም፣ ዜሮ።

ቀጣዩ ቀለበትም ከወዲሁ ይታያል። በ2020 የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 የዲስክ ማጫወቻ የሌለው ዓይነትም ነበረው፤ በኅዳር 2024 የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 ፕሮ ደግሞ ማጫወቻው ጭራሽ አብሮት አይሸጥም፣ የፈለገ ለብቻው ገዝቶ ይገጥማል። ጨዋታው በኢንተርኔት ይወርዳል፤ መጠኑ በብዙ አሥር ጊጋባይት ይቆጠራል። እኛ ጋ ደግሞ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ (ኦገስት 2023) ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ነበር። ያኔ ቢጫው ቀዳዳ ተደፈነ፤ አሁን የሲዲው አፍ ሊደፈን ነው። የሚቀጥለው በር ሲዘጋ ጋሼ ከማን ይበደራል? ኢንተርኔት በብድር አይገዛም።

«ታዲያ ምን ይደረግ?» ትሉኝ ይሆናል። ሶኒን ቢጫ ቀዳዳ መልስልን ብዬ ሰልፍ አልወጣም። ከኋላ የመጣ ሁሉ ተበዳይ ነው ብዬም አላለቅስም፤ ከኤችዲው በፊትም በጥቁርና ነጭ ስዕል ሳቅን፣ ተጣላን፣ ታረቅን። የምለው አንድ ነገር ነው። የእኛን የጨዋታ ታሪክ በእነሱ የማሽን ካላንደር አንቁጠረው። የፕሌይስቴሽን ቤቶቻችንን ታሪክ የጻፈው የለም፤ የትኛው ሠፈር መቼ ምን ማሽን እንደገባ፣ ማን ከማን ተበድሮ እንዳስገባው፣ ስዕሉ ጥቁርና ነጭ ሲሆን ማን እንዳስተካከለው የምናውቀው እኛው ነን። ማሽኖቹ ቆራሌው ጋ እየሄዱ ነው፤ ባለቤቶቹም እያረጁ ነው። ከእናንተ ሠፈር ጋሼ ጋ አንድ ቀን ቁጭ ብላችሁ ጠይቁት፤ ጻፉትም።

ማሙሽ ዛሬ አስጎብኚ ነው፤ እንግዳ ሲገኝ። ባለፈው ስንገናኝ ያቺን የሁለት ደቂቃ ክስ አነሳሁበት። ለካስ እውነት ጨምሮ ነበር!

«ታዲያ ያኔ ለምን ካድክ?» አልኩት።

«ማን አንብቦ ይመሰክርብኛል?» አለኝ።

ቸር ይግጠመን!